ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

«ላሞችዎን የገደላቸው ከትልቁ እርሻ የሚወርደው ውሃ ነው ወይ?» ስትል አስተርጓሚዋ የፈረንጁን ጥያቄ አቀረበች። ባለላሟ አዴ ዲንቄ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ «ሕ!» ብለው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። አዎ ማለታቸው ነበር። ለጋዜጠኝነት ልምምድ ከባሕር ማዶ እስከ ዓለም ጤና ከተማ ድረስ የመጣው ፈረንጅ ልጅ ግን አስተርጓሚዋ እንዳትናገር መዳፉን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘረጋባት። «ቆይ፤ ደንግጠዋል። አታስጨንቂያቸው።»

አስተርጓሚዋ የከፈተችውን አፏን መልሳ ገጠመችው። ጠዋት ስለ አገሩ አነጋገር ልትነግረው ብትጀምር «እኔ የሰው ዝምታ ማንበብ ተምሬያለሁ» ብሎ አቋርጧት ነበር። እንግዲያው ያንብባ! ልጁ ጥያቄውን ደገመው፤ አዴ ዲንቄም ያንኑ መለሱ፤ መዳፉም እንደገና ተዘረጋ። በመጨረሻ መቅጃውን አጠፋና ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ለመናገር ፈርተዋል ብዬ ነው የምጽፈው» አላት። ፈርተዋል! የሴት መብት ምልክት የሆነውን የሲንቄ በትራቸውን ይዘው እርሻው በር ላይ የቆሙት፣ ሥራ አስኪያጁን በጓሮ በር ያስወጡት ሴትዮ!

አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ አስተርጓሚዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ያልኩትን ሁሉ ጻፈልኝ?»

መቅጃው ገና ከልጁ እጅ አልወጣም ነበር። አንድ ቃል ብትነግረው ይበቃ ነበር፤ ግን እሱን መለማመጥ ሞቷ መሰላት።

«ሕ!» አለች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ።

አዴ ዲንቄ መረቋት። ልጁ ደግሞ እጁን ቀስ ብሎ ትከሻዋ ላይ አሳረፈና በሚያውቃት አንዲት የአማርኛ ቃል «አይዞሽ» አላት።