ለእሁድ የሚሆን ሽጉጥ

ኔልዳ ባሏን በሽጉጥ ሱቁ ባንኮኒ ፊት ለሦስተኛ ጊዜ አቀፈችው። ጉንጯን ደረቱ ላይ ለጥፋ፣ ክንዶቿን በወገቡ ዙሪያ አዙራ፣ ልክ እሁድ ጠዋት የቤተክርስቲያን እህቶች እንደሚያቅፉት ትንሽ ቆየች።

«ተሰማኝ» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ቀኝ ጎንህ ላይ። ኩላሊትህ ካልሆነ ሽጉጥ ነው።»

ዌንደል ባዶውን ሽጉጥ ከነአፎቱ ከቀበቶው ፈትቶ ለራሞና መለሰላት። ራሞና የሱቁ ባለቤት ናት፤ እሁድ እሁድ ደግሞ እነሱ ቤተክርስቲያን ፒያኖው አጠገብ ትቀመጣለች። ሽጉጡን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

አዲሱ ፓስተር ከሁለት ሳምንት በፊት ዌንደልን ለብቻው ጠርቶ፣ ዘመኑ ክፉ ስለሆነ በር ላይ አንድ ሰው ታጥቆ ቢቆም ደስ እንደሚለው ነግሮታል። ማንም እንዳያውቅ። ሃያ ሁለት ዓመት በአስተናጋጅነት በር ላይ ከቆመ ሰው የተሻለ ማን አለ? ዌንደል «እሺ ፓስተር» አለ። እሺ ያለው እምቢ ማለትን ስላልለመደ ነው። ችግሩ፣ የዚያ ቤተክርስቲያን ሰው በእጅ ሰላምታ አያምንም። ሁሉም ያቅፋል። መቶ አርባ ሰው የሚያቅፈው አስተናጋጅ ወገቡ ላይ ብረት ቢሸጉጥ፣ ምስጢሩ እስከ መጀመሪያው መዝሙር አይደርስም። ነገ ደግሞ እሁድ ነው።

«ያቺስ?» አለች ኔልዳ፣ በመስታወቱ ውስጥ ወደ አንዲት ትንሽዬ ሽጉጥ እየጠቆመች። «የገንዘብ ቦርሳ አታክልም።»

ዌንደል ትንሿን ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተታት። ኔልዳ አቀፈችው፤ ለማረጋገጥም ሁለት ጊዜ ጎኑን ዳበሰችው።

«ከሆድህ ሌላ ምንም የለም» አለች።

ሊያቀባብላት ሲሞክር ግን አርባ ዓመት የቧንቧ ሥራ የጨረሰው አውራ ጣቱ እምቢ አለ። የላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ። አሁንም ግማሽ መንገድ።

«ትንሽ ስለሆነች ገር መስላኝ ነበር» አለ።

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል» አለች ራሞና። «ባሎች ለሚስቶቻቸው ይቺን ገዝተው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ ሚስቶቹ ራሳቸው ይዘዋት ይመጣሉ። ስፕሪንጓ ደረቅ ነው፤ ስትተኮስ ደግሞ እንደ በቅሎ ትራገጣለች። ለማንኛውም ይምጡ ወንድም ዌንደል፣ ጓሮ ሄደን ይሞክሯት።»

ጓሮ ያለው መተኮሻ ውስጥ ራሞና አቀባብላ ሰጠችው። ዌንደል የሰው ምስል ያለበት የወረቀት ኢላማ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ እንዲሰቀል ጠየቀ፤ ከቤተክርስቲያኑ በር እስከ ሦስተኛው ወንበር ያለው ርቀት ነው። አምስት ጊዜ ተኮሰ። ከሁለተኛው በኋላ መዳፉ ይነድ ጀመር። ወረቀቱን ሲያመጡለት ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ አንዱ ትከሻው ላይ፣ አንዱ ጆሮው ላይ። ከዚያ ኩላሊት የተባለውን ትልቁን ወሰደና አምስቱንም በሾርባ ሳህን ልክ ደረቱ ላይ ደረደራቸው።

ዌንደል ግን ዓይኑን ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ አልነቀለም።

«ሦስቱ የት ሄዱ?»

«ከኋላ ያለው አፈር ውስጥ» አለች ራሞና።

«እሁድ ከኋላ አፈር የለም። ከኋላ እነ ክሊተስ ናቸው፣ ከነልጆቻቸው ስድስት ሆነው። ከእነሱ ወዲያ መዘምራኑ።» ወረቀቱን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። «የምደብቀውን መተኮስ አልችልም። የምተኩሰውን መደበቅ አልችልም። እህት ራሞና፣ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ክፉ ሰው ይመጣል ብዬ አይደለም። መጥቶ እንዳልስተው ነው።»

ኔልዳ ይህን ሲል ሰምታው አታውቅም ነበር።

ራሞና የጆሮ መከላከያዋን አወለቀች። በሩ መዘጋቱን ዞር ብላ አየችና የሹራቧን ጫፍ በቀኝ በኩል ገለጥ አደረገች። ከወገቧ በላይ ጥቁር አፎት፣ አፎቱ ውስጥም እንደ ኩላሊቱ ያለ ሽጉጥ።

«ስታጠቅ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «የድሮው ፓስተር ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም። እሱም ለአዲሱ ሳይነግረው ጡረታ ወጣ መሰለኝ።»

ኔልዳ ሽጉጡን አየች፣ ሴትዮዋን አየች።

«እና ልናቅፍሽ ስንል እጅሽን ብቻ የምትዘረጊልን ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ኩራተኛ ናት እያልኩ ስምሽን ሳነሳ...»

«ሰምቻለሁ» አለች ራሞና።

ዌንደል አጠገቡ ያገኘው የጥይት ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ኔልዳ ደንግጣ ጎንበስ ስትል እየሳቀ ነበር፣ ድምፅ ሳያሰማ።

«እንግዲያ እኔ ምን ልሁን?» አለ ሲበቃው።

«በረኛ ይሁኑ፣ እንደ ድሮው። እኔ ፒያኖው ጋ ሆኜ የማየው ማጅራት ነው። እርስዎ ፊት ያያሉ። እያንዳንዱን ሰው ያቅፋሉ፤ የሚንቀጠቀጥ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት የደረበ ሰው ቢመጣ ከእኔ በፊት እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ለፓስተሩ ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

«ይቆጣ ይሆን?»

«እሱም ደስ ይለዋል። ሚስቱ እኮ አንዴ አቅፋኝ ታውቃለች፤ ሽጉጡ ወገብ ላይ የሚታሰር የስኳር በሽታ መድኃኒት መስጫ መስሏት እስከ ዛሬ ትጸልይልኛለች።»

ኔልዳ ባዶ እጅ መውጣት አሳፍሯት ባንኮኒው ጫፍ ላይ ከሚሸጠው የወፍ እህል አንድ ከረጢት ገዛች፤ ወፍ የላቸውም። ተሸክማው ወጥታ የፒክአፑን ሞተር አስነሳች።

ዌንደል ሊከተላት በሩን ከፈተ። ረጅም የጠመንጃ ቦርሳ የያዘ ሰው እየመጣ ነበር፤ በሩን ያዘለትና የእናቱ ዳሌ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው ቆሞ ስለ ቀዶ ሕክምናው አወራው። ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡር ከመኪና እየወረደች ነበር፤ እሷንም ጠበቃት። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ብቅ አሉ፣ ቀስ ብለው፤ ዌንደል በሩን አልለቀቀም። የሱቁ ማቀዝቀዣ ያበረደው አየር በጠቅላላ ወደ ኦክላሆማ የነሐሴ ፀሐይ ይወጣል። ራሞና ከባንኮኒው ኋላ ታየዋለች፤ ይዝጉት አላለችም።