ሰባ አንድ ኪሎ

ኤሌክትሪሺያኑ በኮምፒውተሩ የድንጋይ መፍጫውን የክብደት መለኪያ ቢጠይቀው ሰባ አንድ ኪሎ ብሎ መለሰለት። መፍጫው ግን ባዶ ነው። ውስጡ ገብቶ ሲጠግን የዋለው የእህቱ ባል እንኳ ወጥቶ፣ ከኋላው ቆሞ ትከሻውን ተደግፏል።

«ሚዛኑ የሚነበብበትን የሬጂስተር ቁጥር በአንድ ስተህ ይሆናላ፤ እንደ ልማድህ» አለው።

አስተካክሎ ደግሞ ጠየቀ። ያው ሰባ አንድ።

«የኔ ክብደት እኮ ነው! ራሴን እዚያው ረስቼ ወጥቼ ይሆን?» ብሎ ሳቀ። «በል አስነሳው፤ ሲሠራ ልብ ይገዛል።»

አስነሳው። ድንጋይ የለመደው መፍጫ አንዳች ለስላሳ ነገር እያኘከ አጓራ። ስድሳ። አርባ። አሥራ ሁለት። ማጥፊያውን በቡጢ ቢደበድበው ማሽኑ እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ሰው አለበት!» ብሎ ጮኸ።

የሸሚዙ ጀርባ በትኩስ ደም ራሰ፤ ትከሻውን የተደገፈው እጅም ከቁጥሩ ጋር እየቀለለ፣ እየቀለለ ሄደ።