ዝቅ ያለው መቀመጫ

ሩፋይዳ የሰው ላብ ትጸየፋለች። የራሷን እንኳ ከልምምድ በኋላ በሳሙና ደጋግማ ካላጠበች እህል አይወርድላትም። ስለዚህ አንድ ጠዋት የቀይዋ ብስክሌት መቀመጫ ዝቅ ብሎ፣ መሪዋም በሆነ ቅባት ወዝቶ ስታገኘው እጇን ሰበሰበች።

ግቢው ውስጥ የሚያድሩት ብስክሌቶች ሁለት ናቸው፤ ቀይና ነጭ፣ ሁለቱም ያገለገሉ፣ «ኮርስ» የሚባሉ የሴት መወዳደሪያዎች። የቡታጅራው አሰልጣኟ በኃይሉ፣ «ቤትሽ ወስደሽ ሞክሪያቸው፤ የተስማማሽን ይዘሽ እሁድ ወልቂጤ ትወዳደሪያለሽ» ብሎ ሰጥቷታል። እሁድ ያሸነፈችዋን አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ይወስዳታል። ሩፋይዳ ለዚህች እሁድ ስትል ስንት ዳገት ተንፏቅቃለች።

ቀይዋ በልኳ የተሰፋች ነው የምትመስለው። መሪዋ ቅርብ ነው፤ መቀመጫዋ ሰፋ ያለና ለስላሳ። ነጯ ግን ረዥም ናት፤ መሪዋ ላይ ለመድረስ መንጠራራት ይጠይቃል። መቀመጫዋም ቀጭን፣ መሃሉ የተሰነጠቀ ጉድ ነው፤ የተቀመጠባትን ሰው እንደ ዳክዬ ታስኬደዋለች።

እናቷ ሰልሚያ ሁለቱንም ዓይናቸውን ማየት አትፈልግም። እንሴኖ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ ደቃቃ፣ ምላሷ ግን የማይደክም ሴት ናት። «ሴት ልጅ እግሯን አንፈራጥጣ ብረት ላይ! አስተግፊሩላህ! ያስጠላል እኮ!» ትላለች፣ ጠዋት ማታ።

ሩፋይዳን ግን የሚያስጠላት ሌላ ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ጫት ደላላው ራምዚ። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሲመለስ ጉንጩን ወጥሮ አረንጓዴ ምራቁን ቧንቧው ሥር ጢቅ ያደርጋል። በስንጥር ጥርሱን ይጎረጉርና ያወጣውን አየት አድርጎ መልሶ ይውጠዋል። እግሩን በእነሱ የልብስ ሳፋ ይዘፈዝፋል። ጸጉሩ በቅባት ይንጠባጠባል። ቁመቱ ደግሞ አጭር ነው፤ መቀመጫ ዝቅ ካላደረገ ፔዳል አይደርስም። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

«ብስክሌቴ ላይ የምትወጣው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ? ወላሂ መንዳትም አልችል» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ መሃል ቅጠል ተሰክቷል።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ ጥላው ሄደች። መቀመጫውንም መሪውንም በበረኪና ፈተገች። በማግስቱ ያው ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ የነጯም መቀመጫ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይኼ ቆሻሻ ሰው አማርጦ ነው እንዴ የሚቀመጥባቸው?

ነገሩ ከመጸየፍ አለፈ። ሐሙስ ከሰዓት ቁልቁለት ላይ እያለች የቀይዋ መቀመጫ ከሥሯ ዞረ፤ በየሌሊቱ ዝቅ፣ በየጠዋቱ ከፍ ሲደረግ ማጥበቂያው ተበልቷል። ከጭነት መኪና ጎማ የተረፈችው በአላህ ሥራ ነው። እሁድም እንዲህ ቢዞርባትስ?

ማታ እናቷ የራሷን ጉልበት በቅባት እያሸች፣ «የትኛዋን ልትወስጂ ነው?» አለቻት።

«ቀይዋን። ትመቸኛለች።»

«ሜዳ ላይ ትመችሽ ይሆናል። አቀበት ላይ ግን ወገብ ታጣጥፋለች። ነጯ መጀመሪያ ብትቆነጥጥም ትለመዳለች።»

«አንቺ ደግሞ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነዋ። ለእኔ ሁለቱም ያስጠላሉ!»

«ዛሬ የተረፍኩት በተአምር ነው፣ እማ። ራምዚ ሊገድለኝ ነው። ከቤታችን ይውጣልኝ።»

የሰልሚያ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆመ። «እሱ አይመስለኝም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የኪራዩ ነገር ነው አይደል የሚያሳስብሽ?» ብላት ሩፋይዳ ተነሥታ ሄደች።

አርብ አመሻሽ ላይ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዝታ ሁለቱንም መቀመጫዎች ድፍን አድርጋ ቀባች። መቀመጫዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ማን ያየዋል? እጇን እየታጠበች የራምዚን ሱሪ እያሰበች ሳቀች፤ በእነዚያ ቀናት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የነጯ መቀመጫ ዝቅ ብሏል። ቀለሙም ተጠርጎ ሄዷል። ሩፋይዳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ራምዚ የጫት እስሩን ታቅፎ ሲገባ አንገትጌውን ጨምድዳ ይዛ ጎረቤቱን በጩኸት ጠራች። አጥር የሚጋራቸው ሸምሶ ከነሚስቱ ከነልጆቹ እየሮጠ መጣ።

«ዙር!»

«ምን አድርጌ?»

«ዙር አልኩህ፣ አንተ ቆሻሻ! ሰው ሁሉ ይይህ!»

ሸምሶ ትከሻውን ይዞ አዞረው። ቡላ ሱሪው አርጅቷል፤ ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። ከኋላው ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ነጥብ የለበትም።

«ቀይሮ ነው! ክፍሉ ይፈተሽ!» አለች ሩፋይዳ። የራምዚ ጫት መሬት ላይ ተበትኗል። አላነሣውም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቤቱ በር ላይ ወደ ቆመችው ወደ ሰልሚያ ዞረ።

«እትዬ ሰልሚያ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ?»

ሰልሚያ ከደጃፉ ወርዳ መሃላቸው ገባች። ገና በጠዋቱ ፊቷ በላብ ወርዝቷል። «በቃ ልቀቂው! እሱ አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ማነው? ንገሪኛ፣ እማ፣ ማነው?»

ሰልሚያ ሻርፗን ሰብስባ ወደ ቤት ለመግባት ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ቢጫ ቀሚሷ ላይ፣ ከወገቧ በታች፣ ቀጭኑ የነጯ መቀመጫ ከነመሃል ስንጥቁ በጥቁር ታትሟል።