የማዶና የወዲህ አበባ

እናትየዋ ጥቁሩን መጋረጃ ስባ ተክል የሚያድግበትን የመስታወት ቤት ታጨልመዋለች። የእሳት እራት ካልመሸ አይበርም፤ በጠራራ ፀሐይ ምሽት ትፈጥርለታለች።

«ጠጋ በሉ፣ አይነክስም» ትላለች። ሦስቱ የምርምር ባልደረቦቿ ይስቃሉ። እሷ ስትቀልድ ሳይስቁ ቀርተው አያውቁም፤ ጡረታ ልትወጣ ነው፣ የኃላፊነት ቦታዋን ለማን እንደምትተው ገና ከአፏ አልወጣም።

ልጇ ነፍሳት እንዳይወጡ ከተዘረጋው መረብ አጠገብ ቆማለች። መረቡ ውስጥ ያሉት አበቦች የእሷ ናቸው። ከተራራው ማዶ የሚበቅለው አበባ ወለላው ያለበት ጉሮሮው ረጅም ነው፤ እዚያ የሚጎበኘው ባለ ረጅም ምላሱ የእሳት እራት ነው። የእሳት እራቱ ግን ተራራውን ተሻግሮ አያውቅም። ወዲህ ያለው ንብ ብቻ ስለሆነ የወዲህኛው አበባ ከዘመን ዘመን ጉሮሮውን እያሳጠረ ለንብ ተመቻችቷል። የአንድ ዘር ልጆች ሆነው ሳለ ዛሬ አይተዋወቁም። ልጅቷ የአንዱን ዱቄት ሌላው ላይ በብሩሽ እየቀባች አዳቀለቻቸው፤ መረቡ ውስጥ ያሉት የሁለቱ ልጆች ናቸው። አራት ዓመት ፈጀባት። ትናንት «እማዬ፣ አበቡ!» ብላ በስልክ ስትጮህ፣ እናቷ «ጎሽ የኔ ልጅ! ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለቻት።

መረቡ ውስጥ የተለቀቀች ንብ መጋረጃው ከመሳቡ በፊት ሞክራ ነበር። ምላሷ ወለላው ጋ አልደርስ ሲላት ትታው ሄደች። አሁን እናትየዋ የእሳት እራቱን ከጠርሙስ ትለቅቀዋለች። አበባው ፊት አየር ላይ ቆሞ ምላሱን ይዘረጋል፣ ከሩቁ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

«ፊቱን እዩልኝ» ትላለች በቀይ ባትሪ እያበራች። «የአበባ ዱቄት ነክቶታል? ንክች አላደረገውም። በነፃ ጠጥቶ ውልቅ! ለንብ ጥልቅ፣ ለእሱ አጭር። ተራራ የለያየውን ልጄ በብሩሽ አስታረቀች፣ እሰይ! ግን ዘር የሚያስይዘው የለም። ያብባል፣ ይረግፋል፣ በቃ።»

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ይግላታል።

«ሙከራው እንኳ ጥሩ ነው» ይላል ከሦስቱ አንዱ፣ ራሰ በራው፣ ጉሮሮውን እየጠረገ።

«ምኑ ነው ጥሩው?» ትለዋለች እናትየዋ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ሦስቱ ባልደረቦች ተራ በተራ ይወጣሉ።

እናትየዋ መጋረጃውን ትከፍታለች። ብርሃኑ ዓይን ያጭበረብራል።

«ታውቂ ነበር» ትላለች ልጅቷ።

«በአንቺ ዕድሜ እኔም ሞክሬዋለሁ። የኔዎቹ እንዲያውም ከነዚህ ያምሩ ነበር።»

«አራት ዓመት ሙሉ እያየሽኝ! ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ለኔስ ማን ነገረኝ?»

ልጅቷ በእናቷ ፊት ላይ ቁጣ ትፈልጋለች። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። የለም። እናቷ ሸክሙን ለሌላ እንዳሸከመ ሰው ቅልል ብሏታል። እንዲህ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም።

«በይ ንቀይያቸው፤ መደርደሪያው ይፈለጋል።»

«ለማን?»

«ለራሰ በራው። ቦታው የሱ ነው፣ ነገ ይነገረዋል። አንቺ ረዳቱ ትሆኛለሽ፤ ለምኜልሻለሁ።»

ልጅቷ ትልቁን ተክል ከግንዱ ይዛ ትስባለች። እምቢ ይላል። ማሰሮውን በጉልበቷ ጥብቅ አድርጋ ደግማ ስትስበው ሥሩ ከነአፈሩ፣ የማሰሮውን ቅርጽ እንደያዘ፣ ሙሉውን ይወጣል።

«አፈሩን አራግፊው እንጂ» ትላለች እናቷ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ያገለግላል።»

ልጅቷ ታራግፋለች። ነጫጭ ሥሮቹ አፈሩን አንለቅም ይላሉ። አበቦቹ እጇ ላይ ይረግፋሉ። እሷ ታራግፋለች።