የአባቷ ቋጠሮ

ልጅቱ አባቷን ፕራግ ያመጣቻቸው ወንዙንና ድልድዩን ልታሳያቸው ብቻ አልነበረም። በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ ግንብ ምድር ቤት ውስጥ የጥንት ማሰቃያ መሣሪያዎች ይታያሉ፤ እነሱን ሲያዩ ምናልባት አፋቸውን ይከፍቱ ይሆናል ብላ ነው። በደርግ ጊዜ ሦስት ዓመት ስለቆዩበት እስር ቤት አንድም ቀን ተንፍሰው አያውቁም። «ቁስሉን አትነካኪበት» እያለች ነው እናቷ ያሳደገቻት።

ቀልደኛው አስጎብኚ ጥርስ መንቀያውንና ጉልበት መስበሪያውን እየሳቀ ካሳየ በኋላ፣ እጅና እግሩ ታስሮ ከአግዳሚ እንጨት ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ አሻንጉሊት ዘንድ ቆመ። የአሻንጉሊቱ ውስጥ እግር በግርፋት ተተልትሏል። ወፌ ላላ ማለት ይሄው ነው። ልጅቱ የአባቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አባባ፣ ከከበድዎት እንውጣ።»

«ቋጠሮው ልክ አይደለም» አሉ። «እንዲህ የታሰረ ሰው ይወድቃል።»

ስትተረጉምለት አስጎብኚው ሳቀና ከግድግዳው ገመድ አውርዶ ለአባቷ እያቀበለ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

«እንግዲያው ያሳዩን!»

ሽማግሌው ገመዱን ተቀብለው የአስጎብኚውን የእጅ አንጓ ከጉልበቱ ጋር ጠፈሩት፤ ዱላ ከጉልበቱ ሥር ሸጉጠው ገለበጡት። ግንባሩ ከድንጋዩ ወለል ጋር ሲላተም ደሙ ተፈናጠረ። ጮኸ። ጎብኚዎቹ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ።

አባቷ የአስጎብኚውን ጫማ አወለቁ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሏት፣ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ። «ካልሲውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቂበት። ገና ሳልጀምር የሚጮኽ እስረኛ አልወድም።»