በየአሥር ሰከንዱ

የክሊኒኩ የተራ ቁጥር ፕሮግራም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሞታል። ሲሞት የአዳራሹ ስክሪን ይጠቁራል፤ መቶ ሰው «ተራው የኔ ነበር» እያለ ባንዴ ይነሣል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ይህን ጊዜ «ገበያው ተፈታ» ትለዋለች።

ፕሮግራሙ አርጅቷል፤ የሠሩት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም። የማይድን ከሆነ ያለው መላ አንድ ነው፦ በሞተ ቁጥር ቶሎ ማስነሣት። ወጣቱ ቴክኒሻን ለስድስት ወር ሙከራ የተቀጠረው ለዚሁ ነው። አክስቱ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጇን ደጅ ጠንተው ያስቀጠሩትም እሳቸው ናቸው። በስድስት ወሩ ውስጥ ስክሪኑ ጠቁሮ ካልቀረ ልጁ ቋሚ ይሆናል፤ ከቀረ ደህና ሰንብት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈና «ጠባቂ» ብሎ ሰየመው። ነገሩ ቀላል ነው። ጠባቂው በየአሥር ሰከንዱ ትልቁን ፕሮግራም «አለህ?» ይለዋል። «አለሁ» ካለው ዝም ነው፤ መልስ ካጣ ግን እዚያው በዚያው ያስነሣዋል። ሰው የሚባል አያስፈልግም። ልጁ ይህን ለካርድ ክፍል አስረዳ፤ ለፋርማሲ አስረዳ፤ ለዘበኛው ሁለት ጊዜ አስረዳ። «ፕሮፌሰር» የሚል ስም የወጣለት ያኔ ነው።

ለአክስቱ ያስረዳቸው ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ያለበትን ክፍል ወለል ሲወለውሉ ነበር።

«ድሮ ቢሆን እትዬ፣ ሰው መጥቶ ይቺን ኤፍ ዘጠኝ የምትባለውን ካልተጫነ አይነሣም ነበር» አለና ኪቦርዱ ላይ አሳያቸው። «አሁን ግን በራሱ ነው።»

«እሱስ ቢተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል?»

«ማን?»

«ጠባቂህ።»

ልጁ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! እሱ እኮ ሰው አይደለም፤ አይተኛም።»

አክስቱ መወልወያቸውን ጨምቀው ሥራቸውን ቀጠሉ። ልጁም ጠባቂውን በገዛ እጁ አስጀምሮ በሩን ቆለፈ። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እሱ ዘንድ፣ ሌላው አክስቱ ዘንድ።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን መብራት ሄዶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ልጁ ያን ቀን ፈተና ስለነበረበት ፈቃድ ላይ ነበር። በማግስቱ ልቡ ተሰቅሎ ሲሮጥ ደረሰ። ተራው እንደ ውኃ ይፈሳል።

«አላልኳችሁም?» አለ፤ ለዘበኛውም ሦስተኛ ጊዜ አስረዳው።

ሙከራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሥራ አስኪያጇ አስጠራችው።

«መነሣቱንስ ይነሣል። ግን ለምንድን ነው የሚወድቀው? ሰበቡን እስከ ዓርብ ካላመጣህልኝ ደብዳቤህን አልፈርምም።»

ልጁ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈተ። ፕሮግራም መሞቱን አይመዘግብም፤ በምን እጁ? ሲነሣ ግን «ተነሣሁ» ብሎ ሰዓቱን ያሰፍራል። ከመጨረሻው ተራ ቁጥር እስከ «ተነሣሁ» ያለው ክፍተት አንዴ ሃያ ሰከንድ፣ አንዴ አርባ ነው፤ ባለፈው ወር ለአንድ ሳምንት ያህል ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይደርስ ነበር። ልጁ የፈለገው ክፍተቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነበርና ሰዓቶቹን ብቻ በወረቀት ገልብጦ ከሰርቨሩ ክፍል ትይዩ ተቀመጠ። በሩ መስታወት ነው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አክስቱ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ገቡ፤ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብለው ወጡ። መዝገቡም «ተነሣሁ» አለ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ማክሰኞ አራት ጊዜ ገቡ፤ አራት «ተነሣሁ»። ረቡዕ ስድስት ጊዜ ገቡ፤ ስድስት።

ልጁ ክፍሉን ፈተሸ። የኤፍ ዘጠኝ ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ይህ ሁሉ የጨርቅ ብዛት ነው አለ በልቡ። የፈቃድ መዝገብም አየ። አክስቱ በእነዚህ ወራት አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም፤ ባለፈው ወር ጉልበታቸውን ባመማቸው ሳምንትም እያነከሱ መጥተዋል።

ሐሙስ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ማሽኑን ይነኩታል እንዴ?»

«አቧራውን እያየሁ ልለፈው?»

«በቀን ስድስት ጊዜ?»

«አቧራ ቀጠሮ አለው እንዴ አንተ?»

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጇ ሰጠ። «ሲያጸዱ ሽቦ ይነካካሉ፤ ይወድቃል፤ የኔ ጠባቂ ደግሞ ያነሣዋል» ሲል አስረዳ።

«አክስትህ አይደሉ?»

«ናቸው። ሥራ ግን ሥራ ነው» አለ፤ ጫማውን እያየ።

አክስቱ ወደ ልብስ እጥበት ክፍል ተዛወሩ። የልጁ ደብዳቤ ተፈረመ።

ከሰዓት በኋላ የበሩን ቁልፍ ከቀለበታቸው ፈትተው ሰጡት። ይቆጡኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ደብዳቤህ ተፈረመ?»

«ተፈርሟል።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙም አርፎበታል፣ እትዬ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እንግዲህ ጉልበቴም ይረፍ።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። ልጁ ፈገግ ብሎ እስከ አሥር ቆጠረ። ከዚያ እስከ መቶ ቆጠረ።

«ፕሮፌሰር፣ ገበያው ተፈታ እኮ!» አለች የካርድ ክፍሏ።

የሰርቨሩን ክፍል ከፍቶ ገባ፤ የጠባቂውን የራሱን መዝገብም ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠው።

የመጨረሻው መስመር የተጻፈው መብራት የሄደ ቀን ነበር።