የቦራ ጉልበት

ማንም ባለጋሪ አምባር ሳያስር ፈረስ እንዳይነዳ ከተከለከለ ይኸው አራት ዓመት ሆነ። በፍኖተ ሰላም አምባሩን የምታስርልን የከብት ሐኪሟ ዶክተር ውብነሽ ናት። አምባሩን ያሰረ ሰው ፈረሱን ያመመው ሁሉ እሱንም ያመዋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አለንጋዬን አንዴ ብሰነዝር የገዛ ጀርባዬ ተለበለበና አለንጋውን እዚያው ጣልኩት። ዛሬ በከተማችን ጀርባው የተላጠ ፈረስ ብትፈልጉ አታገኙም።

ባለፈው ሰኞ ጉልበቴን ጠዘጠዘኝ። ቶሎ ብዬ ፈረሴን ቦራን ከጋሪው ፈታሁት። ባለቤቴ እናትነሽም ሦስት ቀን ሙሉ የፊት ጉልበቱን በቅቤ ስታሽለት ሰነበተች። እኔን ግን አልተሻለኝም። ሐሙስ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ዶክተሯ ጉልበቱን ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ግቢው ውስጥ አስሮጠችው። ከዚያ የእኔን አምባር ፈታችና «አሁንስ ጋሼ?» አለችኝ።

«ያው ነው፤ ይጠዘጥዘኛል።»

«እንግዲያው ቦራ ደህና ነው። የታመመው የራስዎ ጉልበት ነው። ለመሆኑ እርስዎ ሐኪም ቤት ከሄዱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

አምባሩን ካሰርኩ ወዲህ ሄጄ አላውቅም። ባመመኝ ቁጥር የእሱ ነው እያልኩ እሱን ሳሳክም ኖሬአለሁ።

ቤት ስንደርስ እናትነሽ ቅቤውን ይዛ ደጅ ቆማለች። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ታዲያ ዛሬ የማንን ጉልበት ነው የማሸው?»

ቦራ የፊት እግሩን አንስቶ ይጠብቃታል።

«ከእሱ ጀምሪ» አልኳት፤ «ለምዶታል።»